የጤና አገልግሎትን ከጎረቤት አገር ጋር በቁጥር ማወዳደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የጤና አገልግሎታችን ከጎረቤቶቻችን ይሻላል» ወይም «ከሁሉም ያንሳል» የሚል ክርክር ሲነሳ ቶሎ ብሎ አንድ ቁጥር መምዘዝ የተለመደ ነው። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ሐሰት አይደለም። ችግሩ ምን ተቆጥሮ እንደተገኘ ሳይጠየቅ መወሰዱ ነው። ነገሩ ክርክር በማሸነፍ ቢያበቃ ባልከፋ፤ ግን እንዲህ ባለ ንጽጽር በጀት ይዛወራል፣ ሆስፒታል ይዘጋል፣ በደንብ የሚሠራ አሠራር ይጣላል። ስለዚህ ደጋግመው የሚያጋጥሙትን ስህተቶች አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

«ጥቂት ሰው የሚሞትበት አገር ሕክምናው የተሻለ ነው»

በጃፓን በዓመት ከ1,000 ሰው ከ11 በላይ ይሞታል፤ በኳታር ግን 2 እንኳ አይሞላም። ይህን ይዞ የኳታር ሕክምና የጃፓንን በአምስት እጥፍ ይበልጣል የሚል የለም። ከጃፓን ሕዝብ ከሩብ በላይ የሚሆነው ዕድሜው ከ65 ያለፈ ነው፤ ከኳታር ነዋሪዎች አብዛኞቹ ደግሞ ለሥራ ከሌላ አገር የሄዱ ጎልማሶች ናቸው። ልዩነቱ እንዲህ ሲገዝፍ ስህተቱ ዓይን ያወጣል። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱ አገሮች ተመሳሳይ መስለው አንዱ ትንሽ ብቻ ያረጀ ሕዝብ ሲኖረው ነው። ለዚህ በዕድሜ የተስተካከለ ምጣኔ አለ፤ በየዕድሜ ክልሉ ያለውን ሞት ለሁለቱም አገሮች በአንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር ያሰላል። ይህ ያልተደረገለት የሞት ንጽጽር ባይነበብ ይሻላል።

«ሞት ሞት ነው፤ አቆጣጠሩ የትም አንድ ነው»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ይህ ይመስለኛል። የሕፃናት ሞት ምጣኔን እንውሰድ። በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሞቱትን ያሳያል። ቀላል ይመስላል። አሁን ገና በ22ኛው ሳምንት የተወለደ፣ 450 ግራም የሚመዝን፣ ጥቂት ደቂቃ ተንፍሶ ያረፈ ሕፃን እናስብ። አንዱ አገር በሕይወት እንደተወለደ ይመዘግበዋል፤ ስለዚህ ከሞቱት መካከል ይቆጠራል። ከድንበሩ ማዶ ያለው አገር መዝገብ የሚጀምረው ከተወሰነ ክብደት ወይም ሳምንት በላይ ከሆነ ግን፣ ሞቶ እንደተወለደ ይጻፋል ወይም ጭራሽ አይመዘገብም። የወላጆቹ ሐዘን አንድ ነው። ቁጥሩ የሚከፋው ግን እንዲህ ያለውን ሕፃን ለማትረፍ በሚታገለውና በሐቀኝነት በሚመዘግበው አገር ላይ ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት፣ ማለትም ኦኢሲዲ፣ ከ22 ሳምንት ወይም ከ500 ግራም በታች የተወለዱትን ሳይጨምር የተሰላ ምጣኔ ለብቻ የሚያቀርበው ለዚህ ነው።

በኮቪድ ወቅትም ይኸው ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2020 በአውሮፓ ጸደይ ቤልጂየም ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በዓለም ብዙ ሰው ከሞተባቸው አገሮች ግንባር ቀደም ተብላ ስሟ ተነሳ። ቤልጂየም በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሳይመረመሩ፣ በበሽታው ተጠርጥረው የሞቱትን ሁሉ ትቆጥር ነበር። ጎረቤቷ ኔዘርላንድስ በዕለታዊ ሪፖርቷ የምትቆጥረው በምርመራ የተረጋገጡትን ብቻ ነበር። በዚያ ወቅት ከወትሮው ምን ያህል ብዙ ሰው እንደሞተ በኋላ ሲሰላ፣ የቤልጂየም ሪፖርት ለእውነቱ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ የኔዘርላንድስ ግን ከእውነተኛው በእጅጉ ያነሰ ነበር።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ባልተሟላባቸው አገሮች ደግሞ የእናቶች ሞት አኃዝ ቆጠራ ሳይሆን በሞዴል የተሠራ ግምት ነው፤ አጠገቡም ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ይቀመጣል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች አዲስ ሪፖርት ባወጡ ቁጥር ያለፉትንም ዓመታት እንደገና ያሰላሉ። ስለዚህ የአሮጌውን ሪፖርት ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስቀምጦ «ቀነሰ» ወይም «ጨመረ» ማለት አይቻልም። ሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሪፖርት መውጣት አለባቸው።

«ሰው ረጅም ዕድሜ የሚኖርበት አገር የተሻለ ሆስፒታል አለው»

ካናዳውያን ከአሜሪካውያን በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ይበልጥ ይኖራሉ። የሕክምናው ሥርዓት ልዩነት ድርሻ አለው። ግን በአሜሪካ ብዙ ወጣት የሚቀጠፈው በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ መመረዝ፣ በጥይትና በመኪና አደጋ ነው። ቀዶ ሐኪሙ የቱንም ያህል ቢጎብዝ እነዚህን ሞቶች ከመነሻቸው አያስቀርም። አማካይ ዕድሜ የሕዝብን ሕይወት ይለካል፤ ሕክምና የዚያ ሕይወት አንድ ክፍል ብቻ ነው።

«ከካንሰር ምርመራ በኋላ አምስት ዓመት የሚቆዩት ከበዙ ሕክምናው ሠርቷል»

ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት ካንሰር ሁለቱም በ71 ዓመታቸው ሞቱ እንበል። አንደኛው ሕመም ሲሰማው ሄዶ በ68 ዓመቱ ታወቀለት። ሁለተኛው ጎረቤት አገር የሚኖር ሲሆን፣ ምንም ሳይሰማው በተደረገ የቅድመ ልየታ ምርመራ በ64 ዓመቱ ታወቀለት። በስታቲስቲክሱ የመጀመሪያው አምስት ዓመት አልቆየም፤ ሁለተኛው ቆይቷል። አንድም ቀን ዕድሜ ግን አልተጨመረለትም፤ የተጨመረለት በሽተኛ መሆኑን እያወቀ የኖረበት ጊዜ ነው።

ደቡብ ኮሪያ በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥታለች። አንገት ላይ የሚገኘውን ታይሮይድ የተባለ የሰውነት ክፍል በአልትራሳውንድ መመርመር ሲስፋፋ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የታይሮይድ ካንሰር ተገኘባቸው የተባሉት ምጣኔ ከ1993ቱ 15 እጥፍ ሆነ። በበሽታው የሚሞተው ሰው ምጣኔ ግን ንቅንቅ አላለም። ዕድሜ ልክ ምንም የማያደርጉ ጥቃቅን እጢዎች እየተገኙ «የዳኑ» ሰዎች ቁጥር አበጠ፤ ብዙዎችም ሳያስፈልጋቸው ታይሮይዳቸው ተቆርጦ ዕድሜ ልካቸውን መድኃኒት ይወስዳሉ። የካንሰር ሕክምናን ለማወዳደር የሚፈልግ ከቆይታው መቶኛ ጎን ለጎን በዕድሜ የተስተካከለውን የካንሰር ሞት ይመልከት።

«ከምርቱ ትልቅ መቶኛ ለጤና የሚያወጣ አገር ይበልጥ ያስባል»

መቶኛው የጤና ወጪ ለምርቱ ሲካፈል የሚገኝ ነው፤ ስለዚህ ወጪው ባይነካም ምርቱ ሲያድግ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአየርላንድ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት፣ ግዙፍ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ንብረታቸውን ወደዚያ በማዛወራቸው፣ በወረቀት ላይ 25 በመቶ ገደማ አደገ። የጤና ወጪው ሳይቀነስ ድርሻው በአንድ ዓመት አሽቆለቆለ። በገንዘብ ሲወዳደርም በምንዛሪ ብቻ መመንዘር አይበቃም፤ የነርስ ደመወዝ ከአገር አገር ስለሚለያይ በመግዛት አቅም የተስተካከለው ነው የሚያስፈልገው።

«አልጋና ሐኪም የበዛበት ይበልጣል»

ጃፓን ለ1,000 ሰው ከ12 በላይ የሆስፒታል አልጋ አላት፤ ስዊድን 2 ገደማ። የስዊድን ሕክምና በዚህ ምክንያት ደካማ አይደለም፤ ታካሚ ቶሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሐኪም ሲቆጠርም ፖርቱጋልና ግሪክ ፈቃድ ያለውን ሁሉ ይቆጥራሉ፤ ሌሎች የሚቆጥሩት በሥራ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

«ደረጃው ተወስኗል፤ አበቃ»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የ191 አገሮችን የጤና ሥርዓት በደረጃ አስቀመጠ፤ ፈረንሳይ 1ኛ፣ አሜሪካ 37ኛ ሆኑ። የብዙ አገሮች መረጃ ስላልነበረ በግምት ተሞላ፤ ስሌቱም ብርቱ ትችት ገጠመው። ድርጅቱ ያን ዓይነት ደረጃ ዳግመኛ አላወጣም። እስካሁን የሚጠቅሱት ግን ብዙ ናቸው።

ደረጃ ትንንሽ ልዩነትን ያጋንናል። በአይስላንድ በዓመት የሚወለዱት 4,500 ያህል ናቸው፤ የሕፃናት ሞት ከ1,000 ወደ 2 ይጠጋል። በአንድ ዓመት አራት ወይም አምስት ሕፃናት ተጨማሪ ቢሞቱ ምጣኔው በግማሽ ያድጋል፤ አገሪቱም በርካታ ደረጃ ትወርዳለች። የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አማካይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

«እንግዲያው ስታቲስቲክስ ሁሉ አይታመንም»

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ለሰነፍ አስተዳደር መሸሸጊያ ይሆናል። ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ አንድ ደሴት ይጋራሉ። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት መሠረት በሄይቲ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር ከ300 በላይ እናቶች ይሞታሉ፤ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ልዩነት የትኛውም የአቆጣጠር ሰበብ አይሸፍነውም። በሄይቲ ከግማሽ በላይ የሆኑት እናቶች ከጤና ተቋም ውጭ ሲወልዱ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከሞላ ጎደል ሁሉም በተቋም ይወልዳሉ። ሆኖም የዶሚኒካን የእናቶች ሞት፣ ያን ያህል እናት በተቋም ከሚወልድባቸው ብዙ አገሮች አሁንም ይበልጣል። ከሄይቲ ጋር ብቻ ቢወዳደር ይህ አይታይም ነበር፤ መመርመር ያለበትም እናቲቱ ተቋሙ ከደረሰች በኋላ የምታገኘው እንክብካቤ ነው።