ቆፈን ምንድን ነው? ስኩተር ላይ እጅ ቀድሞ የሚከዳው ለምንድን ነው?

ታህሳስ ነው፣ ከጠዋቱ 12፡30 አካባቢ። ከሱሉልታ በድል በር አድርጌ ቁልቁል ወርጄ አዲሱ ገበያ ደረስኩ። ቡና ልጠጣ ቆምኩና ሄልሜቴን ላወልቅ ብል የአገጩ ማሰሪያ እምቢ አለኝ። ማሰሪያው ደህና ነበር፤ እምቢ ያለው ጣቴ ነው። ቁልፉን ልጫነው አልጫነው እንኳ አይታወቀኝም። ቡና የምትሸጠው ልጅ ትንሽ አየችኝና ከበርጩማዋ ተነሳች።

"ቆፈነህ አይደል? ቀና በል እስቲ ወንድሜ።"

ጠቅ አድርጋ ፈታችልኝ። ያን ያህል ሰውዬ እንደ ሕፃን አገጬን ቀና አድርጌ ቆሜ።

ቃሉ እሷ ያለችው ነው፤ ቆፈን። ብርድ የአየሩ ነው፣ ውጭ ያለ ነገር። ቆፈን ግን እጅ ውስጥ የሚገባው ነው። ጣት ደንዝዞ፣ ደርቆ፣ እጠፍ ሲሉት አልታጠፍ፣ ያዝ ሲሉት አልይዝ ሲል ቆፈነ ይባላል። ቤት ውስጥ ቢሆን ቁልፍ መክፈት አቃተኝ ብሎ ስቆ ማለፍ ነው። ስኩተር ላይ ግን እንደዚያ አይታለፍም። ማርሽ ያለው ሞተር ቢያንስ አንዱ ፍሬን በእግር ነው። አብዛኛው ስኩተር ላይ ሁለቱም ፍሬን እጅ ላይ ነው፣ ጋዙም እጅ ላይ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። የቆፈነ ጣት ፍሬን ለመያዝ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ከ5 ሜትር በላይ ሄደናል ማለት ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሚኒባስ ካለ አምስት ሜትር ብዙ ነው።

እሺ፣ ለምን እጅ? ጆሮም ይበርደዋል፣ አፍንጫም ይበርደዋል።

ሰውነት ብርድ ሲሰማው ቁጠባ ይጀምራል። ልብና ጉበት ያሉበትን መሃሉን ለማሞቅ ሲል ወደ ዳር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የእጅና የእግር ደም ስሮች ይጠባሉ። ጣት ደግሞ የራሱ ማሞቂያ የለውም። ሙቀት የሚያመነጨው ጡንቻ ነው፣ ጣት ውስጥ ግን ጡንቻ የለም ማለት ይቻላል። ካላመናችሁ አንዱን እጃችሁን የሌላኛው ክንዳችሁ ላይ፣ ከክርኑ ዝቅ አድርጋችሁ አሳርፉና የዚያኛውን እጅ ጣቶች አንቀሳቅሱ። የሚላወሰው ክንዱ ነው። ጣት ድረስ የሚመጣው ጅማቱ ብቻ ነው፣ እንደ አሻንጉሊት ክር። በዚያ ላይ ጣት ቀጭን ነው፤ ካለው ሥጋ አንጻር ለብርድ የተጋለጠው ቆዳው ሰፊ ነው። የጣት ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅልጥፍናው በግልጽ ይቀንሳል። ከዚያም ሲወርድ መንካትና አለመንካቱን መለየት ይቸግራል። የእኔ ጣት የደረሰው እዚያ ነው።

ከዚህ ላይ ንፋሱን ጨምሩ። ቆሞ ለሚያወራ ሰው ቆዳው ላይ የምትቀመጥ ስስ የሞቀ አየር አለች፤ የማትታይ ጋቢ በሏት። የሚጋልብ ሰው እቺን ጋቢ በየሰከንዱ ይገፈፋታል። ነገሩን በቁጥር ለመያዝ የሞከሩት ፖል ሳይፕል እና ቻርልስ ፓሰል የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1941 አንታርክቲካ ላይ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ ንፋስ ላይ ሰቅለው በምን ያህል ጊዜ በረዶ እንደሚሆን ለኩ። የሥራቸው ውጤት በ1945 ታተመ። ዛሬ የአየር ትንበያ ላይ "የአየሩ ሙቀት ይህን ያህል፣ የሚሰማው ግን ይህን ያህል" የሚባለው ነገር ከዚያ የመጣ ነው። ዊንድ ቺል ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካና ካናዳ ቀመሩን አሻሽለውታል፤ የአሁኑ የሰው ፊት ላይ የተሞከረ ነው።

በዚሁ ቀመር ብናሰላው፣ በ8 ዲግሪ ጠዋት 40 ኪሎ ሜትር ንፋስ ሲመታን የሚሰማን 3 ዲግሪ ያህል ነው። አየሩ 0 ከሆነ ደግሞ ከዜሮ በታች 7 ይሆናል። ለጋላቢ ደግሞ ትንሽ ይብሳል። ቀመሩ የሚወስደው 10 ሜትር ከፍታ ላይ የተለካን ንፋስ ነው፤ እግረኛ ፊት ላይ የሚደርሰው ከዚያ ያነሰ እንደሆነ አስቀድሞ ይገምታል። መሪ የያዘ እጅ ግን ንፋሱን ሳይቀነስለት በሙሉ ይቀበላል።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ንፋስ ነገርን ከአየሩ በታች አያቀዘቅዝም፤ ፍጥነቱን ነው የሚጨምረው። 8 ዲግሪ አየር ውስጥ የቆመ የስኩተር መሪ የቱንም ያህል ንፋስ ቢመታው ደርቆ እስካለ ድረስ ከ8 አይወርድም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጣቴ በረዶ ሆኖ ይቆረጣል ብሎ የሚሰጋ ሰው ይረጋጋ። ያ የሚመጣው አየሩ ራሱ ከዜሮ በታች ሲሆን ነው። የሚላን ወይም የሚኒሶታ ዘመዶቻችን ግን ሊያስቡበት ይገባል።

ዘመዶቻችንን ካነሳን፣ ከእነሱ ጋር "ክረምት" ስንል አንግባባም። እነሱ ክረምት ሲሉ በረዶ ነው፣ እኛ ደግሞ ዝናብ። የእኛ የጠዋት ብርድ ዋናው የሚመጣው በበጋ ነው፣ ከህዳር እስከ ጥር። ሰማዩ ጥርት ይላል፤ መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚይዝለት ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ላይ ይለቀዋል። ጎህ ሲቀድ ሜዳው ውርጭ ለብሶ የምናየው ለዚህ ነው። የሐምሌ ቆፈን ሌላ ነው፤ እሱ የሚመጣው በርጥበት ነው። የራሰ ጓንት አለማድረግን ያስመኛል። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ከእጅ ላይ ነው የሚወስደው።

እንግዲህ መፍትሔው። መጀመሪያ የሚሠራው ስህተት ሁለት ጓንት ደራርቦ ማጥለቅ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ከጠበበ ደም ያግዳል፣ ያለችውንም አየር ጨፍልቆ ያስወጣል። አንድ ሰፋ ያለ፣ ንፋስ የማያስገባ፣ አንጓን አልፎ እጅጌ ላይ የሚወጣ ጓንት ይበልጣል። አንጓ ላይ ደም ስሩ ለቆዳ ቅርብ ነው፤ እዚያ ንፋስ ከገባ ጓንቱ ምንም ቢወፍር ዋጋ የለውም። ብር ለሌለው፣ ከሹራብ ጓንት ሥር ስስ የሕክምና ጓንት ማድረግ ንፋሱን ያቆማል። ፌስታልም ያቆማል፣ ግን ፍሬን ላይ ያንሸራትታል፤ አልመክርም።

ሁለተኛው ስህተት እጅን ብቻ ማሰብ ነው። ደሙን የሚቆጥበው መሃሉ ስለበረደው ነው። ደረትና አንገት ሲሞቁ ቁጠባው ይላላል። እኔ ከጓንት በላይ የጠቀመኝ የአንገት ሹራብ ነው፤ ሰው ሲሰማ ይስቃል።

ሚላንና ፓሪስ ስኩተር የሚነዱ ሰዎች ብርዱ ሲመጣ መሪው ላይ ትልቅ ከረጢት የመሰለ የእጅ ሽፋን ያስራሉ። እጅ ከነፍሬኑ ውስጥ ይገባል። ያስጠላል፣ እውነት ነው፤ ምጣድ ማንሻ ይመስላል። ግን ንፋስን እጁ ጋ ከመድረሱ በፊት ስለሚያስቀር ከወፍራም ጓንት ይሻላል፣ ጣትም ነፃ ይሆናል። ወደ ፍሬኑ እንዳይጠጋ ሆኖ በደንብ መታሰር አለበት። በኤሌክትሪክ የሚሞቅ የመሪ መያዣም አለ። ያ መዳፍን ያሞቃል፣ ንፋሱ የሚመታው ግን የእጅን ጀርባ ነው። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ነው የሚያምረው።

መንገድ ላይ ከያዛችሁ ቁሙና ክንዳችሁን ከትከሻ ጀምሮ በሰፊው አሽከርክሩት፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ደሙ ተገፍቶ ጣት ድረስ ይመጣል። ሲመጣ ያማል፤ ያ መጠዝጠዝ የደነዘዘው ነርቭ ሲነቃ ነው። ካቲካላ አይረዳም፤ ቆዳን ያሞቅና መሃሉን ያቀዘቅዛል፣ መንዳቱንም ያበላሻል። ሲጋራም ደም ስር ያጠባል።

ትንሽ ብርድ ሲነካቸው ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ነጥቶ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ መስሎ፣ ሲሞቅ የሚቀላባቸው ሰዎች አሉ። ሬይኖ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ሞሪስ ሬይኖ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የገለጸው ነው። ጠይም ቆዳ ላይ ቀለሙ ቶሎ አይታይም፣ ጥፍር ሥር ማየት ይሻላል። እንዲህ የሚሆንበት ሰው ሐኪም ያማክር።

ያን ጠዋት እጄን በቀጥታ ወደ ከሰሉ ዘረጋሁ። ልጅቷ መልሳ ገፋችልኝ። የደነዘዘ እጅ መቃጠሉን አያውቅም፣ ትክክል ናት። ሲኒውን በሁለት እጄ አስያዘችኝ። ሦስተኛው ሲኒ ላይ ነው ሙቀቱ የተሰማኝ።