የገቢ ፍልሰት ምንድን ነው?

አንድ ቤተሰብ ከመንዝ ጓዙን ጠቅልሎ ደብረ ብርሃን ሲገባ ገቢውም አብሮት ይሄዳል። የገቢ ፍልሰት የሚባለው ይሄ ነው፤ ቤተሰቦች ከአንድ ወረዳ ሲወጡ አብሯቸው የሚወጣ፣ ሲገቡም አብሯቸው የሚገባ ገንዘብ።

ለጉልበት ሥራ ወጣ ከማለት ጋር እንዳይምታታ። ለጤፍ አጨዳ ምንጃር የወረደ ወጣት ያገኛትን ቋጥሮ ይመለሳል። አዲስ አበባ ያለችው ልጅም ለእናቷ የበዓል ትልካለች። ሰው ወጣ፣ ብር ገባ። ቤቱ በሙሉ ሲነሳ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። በጎቹ ተሸጡ። የጣራው ቆርቆሮ ተነቅሎ አይሱዙ ላይ ተጫነ፣ ባናው ተጠቅልሎ ከላይ ተደረበ። የቀረው ባዶ የድንጋይ ግድግዳ ነው። መሬቱስ? መሬት አይሸጥም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ይከለክላል። ስለዚህ ለጎረቤት በእኩል ይሰጣል። ገብሱ ተወቅቶ ሲሰፈር ግማሹ የባለ መሬቱ ነው። ያ ድርሻ ተሸጦ ብሩ በቴሌብር ከተማ ይገባል። ድሮ ከዚያው ብር ወፍጮ ቤቱም፣ ሱቁም፣ እድሩም የየድርሻቸውን ያገኙ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ገብሱ እዚያው በቀለ፣ ብሩ ግን እዚያ አላደረም።

የሰው ቁጥር ብቻ ከቆጠርን ይሄ አይታየንም። ጥሪት ያለው አንድ ቤት ሲወጣና ምንም የሌለው አንድ ቤት ሲወጣ ቆጠራው ላይ እኩል ናቸው። አሜሪካኖች የሚለኩት በግብር ነው። የግብር መሥሪያ ቤታቸው የእያንዳንዱን ግብር ከፋይ የዘንድሮ አድራሻ ከአምናው ጋር ያስተያያል። ከየትኛው ካውንቲ (ለኛ ወረዳ እንደማለት ነው) ወደየትኛው ስንት ቤተሰብ፣ ከስንት ዶላር ገቢ ጋር እንደሄደ ይደምራል።

ታዲያ ይህን ቁጥር ስናነብ መጠንቀቅ አለብን። የወጣው ገቢ ሁሉ ለወረዳው የጠፋ ገቢ አይደለም። መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ከተማ የሚያስተምር አስተማሪ ተዛውሮ ቢሄድ ደመወዙ ለሚተካው ሰው እዚያው ይቀራል። ጡረተኛ ሲሄድ ግን ጡረታው ተከትሎት ይሄዳል። በእኩል ያሳረሰው ገበሬ መሐል ላይ ነው፤ ግማሹ ገብስ ከአራሹ ጋር ቀርቷል።