አወያዩ ለምን ሐሳቡን አይናገርም?

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ በምናደርገው የፍልስፍና ውይይት ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። «እያወቀ ለምን ይደብቀናል?» ይባላል። ቅሬታው ይገባኛል።

አወያዩ እየጠየቀ ብቻ የሚመራበትን ይህን የውይይት መንገድ ከሶቅራጥስ ወስዶ ለቡድን ካበጁት አንዱ ጀርመናዊው ፈላስፋ ሊዮናርድ ኔልሰን ነው፤ በ1922 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር አብራርቶታል። አወያዩ መልሱን ከተናገረ እኛ ማሰባችንን ትተን እሱን እንከተላለን። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገት መድፋት ለለመድነው ለእኛ ደግሞ ይብሳል።

ባለፈው የተነሳውን እንይ። ሦስት ሴቶች ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል አዋጥተው ዓሣ ገዙ እንበል። እንዴት ይካፈሉ? አንዷ አባላችን «እኩል ነዋ!» አለች። አወያዩ አልተቃወማትም። «አንዷ ከንጋት ጀምሮ ስትጠብቅ የቆየች ብትሆንስ?» ብሎ ብቻ ጠየቀ። ዝም አለች። ቆይታ «እንግዲያው ድካምም መዋጮ ነው» አለች። ይህን ማንም አልነገራትም። እኔ የምወደው ያቺን ዝምታ ነው።

አቋሙን አይገልጽም ማለት ግን አፉን ይዘጋል ማለት አይደለም። ይጠይቃል፣ ምሳሌ ያስመጣል፣ ያልተግባባንበትን ቃል ያስፈታል። በውይይቱ መሀል አለመወገኑ የማይነካ ደንብ ነው። የሰዓቱ ርዝመት፣ የሰው ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ይናገር አይናገር የሚለው ከቡድን ቡድን ይለያያል። እኛ ጋ ሻይ ሲቀርብ ይፈቀድለታል።