ለሚያሳክከው ውሻ «ምግብ ቀይሩለት» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ምግብ ቀየርኩለት፤ ማከኩን ግን አልተወም» የሚል ጥያቄ በዛ። «ምግብ ቀይሩለት» ማለት ማከኩ ከምግብ አለርጂ የመጣ መሆኑን መሞከር ነው፤ ብራንድ መቀየር ግን ሙከራ አይደለም። ሁለቱም የበሬ ሥጋ ካለባቸው ምን ተለወጠ?

መጀመሪያ ቁንጫ እንደሌለበት ይረጋገጥ። ከዚያ ውሻው በልቶት የማያውቀውን አንድ ሥጋ ብቻ፣ ቢያንስ ለ8 ሳምንት ይመገባል። ዓሣ ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ፣ እሾኹ የወጣለት ዓሣ ከተቀቀለ ድንች ጋር ሊሆን ይችላል። ወተት፣ ፍርፋሪ፣ የሥጋ ጣዕም ያለው ኪኒን እንኳ ሙከራውን ያበላሻል። (ልጆቹን አደራ! ከጠረጴዛ ሥር የሚያጎርሱት እነሱ ናቸው።)

ማከኩ ከቀነሰ የድሮውን ምግብ መልሱለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መዳፉን መላስ፣ ጆሮውን መፎከት ከጀመረ ጥፋቱ የምግቡ ነው። የትኛው ሥጋ እንደሚያስቆጣው ግን ከውሻ ውሻ ይለያያል። ምንም ለውጥ ከሌለ አቧራ ወይም የአበባ ብናኝ ሊሆን ስለሚችል፣ ለእንስሳት ሐኪሙ ንገሩት።