የሰባት ዓመቱ እርግማን ምንድን ነው?

ባለፈው ክረምት ደሴ፣ እናቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ሞልቶታል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፣ ስልኳ ላይ ያቀረቀረችው የእህቴ ልጅ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ጋሼ፣ የምወዳቸው የኮሪያ ዘፋኞችም ሊበተኑ ነው መሰለኝ። የሰባት ዓመቱ እርግማን ደረሰባቸው።»

እናቴ «እርግማን» የሚለውን ስትሰማ ጀበናውን አስቀመጠች። «ማንን በድለው ነው ልጄ?» አለች። ከልቧ ነው የጠየቀችው። ወሎ ውስጥ እርግማን እንደዋዛ የሚነገር ቃል አይደለም። የተረገመ ሰው ካለ ምክንያት አለው። የተቀየመ ሽማግሌ፣ ያዘነች እናት አለች። መፍቻም አለው። ይቅርታ ይጠየቃል፣ ወዳጃ፣ ማለትም የዱዓ ስብሰባ፣ ይደረጋል፣ ይመረቃል። የእህቴ ልጅ ግን ማን እንደረገማቸው አታውቅም። ቃሉን የሰማችው ከጓደኞቿ ነው። እኔም የዚያን ቀን በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ነው አሁን የምጽፈው። የእናቴ ጥያቄ መልስ ይገባዋል ብዬ ስለማምን።

ስሙን ያወጡለት የኬፖፕ፣ ማለትም የኮሪያ ፖፕ ሙዚቃ፣ አድናቂዎች ናቸው። አንድ ቡድን መድረክ ላይ ከወጣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ይበተናል፤ ወይም አባላቱ ይቀንሳሉ፤ ወይም ስሙ ብቻ ይቀራል። ወንዶቹንም ይነካል። በሴቶቹ ቡድኖች ላይ ግን ጎልቶ ታይቷል። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥቀስ። ፎርሚኒት በጁን 2009 ጀመረ፣ በጁን 2016 አበቃ። ቱኤኒዋን በሜይ 2009 ጀመረ፣ መበተኑ የተነገረው በኖቬምበር 2016 ነው። ሲስታር ከጁን 2010 እስከ ጁን 2017። ሚስ ኤ ከጁላይ 2010 እስከ ዲሴምበር 2017።

እነዚህ የከሸፉ ቡድኖች አልነበሩም። ሲስታር ሙቀቱ ሲመጣ አገሩን በዘፈን ስለሚሞላ «የበጋ ንግሥቶች» እየተባለ ይጠራ ነበር። ቱኤኒዋን ኬፖፕን ከእስያ ውጭ ካሳወቁት መካከል ነው። ልጆቹን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ስመ ጥር ቡድን፣ ሁሉም የሚያውቀው፣ ድንገት የለም።

ታዲያ ሰባት ከየት መጣ? ከውል ነው የመጣው።

ከ2009 በፊት የኮሪያ ኩባንያዎች ወጣት ዘፋኞችን በጣም ረጅም ውል ያስፈርሙ ነበር። ቲቪኤክስኪው የሚባል አምስት ወንዶች ያሉበት ቡድን ነበር። በ2003 መጨረሻ ነው የወጣው። ኩባንያው ኤስ ኤም ኢንተርቴይንመንት ነው። ውላቸው 13 ዓመት ነበር። የውትድርና አገልግሎት ሲታከልበት ከ15 ያልፍ ነበር። በጉርምስና የፈረመ ልጅ ነጻ የሚወጣው ሠላሳ ዓመትን ተሻግሮ ነው ማለት ነው። በጁላይ 2009 ከአምስቱ ሦስቱ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የሴኡል ፍርድ ቤት በከፊል ፈረደላቸው። በዚያው ጁላይ ደግሞ የኮሪያ የፍትሐዊ ንግድ ኮሚሽን ለመዝናኛው ዘርፍ አንድ ወጥ የውል ናሙና አወጣ። በናሙናው ላይ ለዘፋኞች የተቀመጠው ጣሪያ ሰባት ዓመት ነው።

እናም ለእናቴ እንዲህ አልኳት፦ ማንም አልረገማቸውም። እንዲያውም ሰባቱ የመጣው ሊጠብቃቸው ነው።

ግን አንድ ነገር አብሮ መጣ። ብዙዎቹ ቡድኖች ሰባት ዓመት ስለሚፈርሙ፣ የአባላቱ ሁሉ ውል በአንድ ሰሞን ያልቃል። እስቲ አስቡት። አምስት ጓደኛሞች ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ሱቅ በጋራ ተከራይተዋል። ሥራው ሞቅ ብሎ ነበር፣ አሁን ቀዝቅዟል። የኪራይ ውሉ የሚያልቅበት ቀን ደረሰ። አንዷ ሌላ ቦታ የተሻለ ሥራ አግኝታለች። አንዷ ልታገባ ነው። አንዷ ደክሟታል። ቤቱን የያዘው ሰውዬ ደግሞ ለሌላ ሰው ማከራየት አምሮታል። ውሉ የሚያልቅበት ቀን ባይኖር ምናልባት ሲንከባለል ይቆይ ነበር። ቀኑ ሲመጣ ግን እያንዳንዷ «እቀጥላለሁ ወይስ አልቀጥልም?» ብላ መመለስ አለባት። አምስት ሰው በአንድ ቀን አዎ እንዲል መጠበቅ ከባድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ያለው ደግሞ ሂሳብ ነው። በኮሪያ አሠራር ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት ለዓመታት ይሠለጥናሉ። መኖሪያውን፣ የድምፅና የዳንስ አስተማሪውን፣ ክሊፑን፣ አልባሳቱን የሚከፍለው ኩባንያው ነው። ገቢ ሲጀምር በተለምዶ መጀመሪያ የሚሸፈነው ይህ ወጪ ነው። የልጆቹ ድርሻ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩባንያው ያወጣውን ይመልሳል። በመሃል ያተርፋል። ወደ መጨረሻው ልጆቹ ስም አላቸው፣ አድገዋልም። በ18 ዓመቷ የፈረመችው አሁን 25 ዓመቷ ነው። የተሻለ ድርሻ ትጠይቃለች፣ መብቷም ነው። ኩባንያው በበኩሉ ያሰላል። ድርሻቸውን ከፍ ባደርግ በሚቀጥለው ዓመት የሚያስገቡት ይሸፍነዋል ወይ?

እዚህ ላይ ነው የገበያው መውረድ የሚገባው። አድናቂዎች ሰባተኛውን ዓመት ይፈሩታል እንጂ ነገሩ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ሚስ ኤን እንይ። የመጨረሻ ሥራቸው የወጣው በማርች 2015 ነው። መበተናቸው የተነገረው በዲሴምበር 2017። በመሃል እንደ ቡድን ምንም አላወጡም። ሱዚ የምትባለው አባል በፊልምና በማስታወቂያ ከቡድኑ በላይ ገናለች። የሌሎቹ መንገድ ሌላ ነበር። የቱኤኒዋን የመጨረሻ አልበም ደግሞ የ2014 ነው። እኛ አገር ዘመድ ሩቅ አገር ሲሞት መርዶው ዘግይቶ ነው የሚነገረው። የቡድን መፍረስም እንደዚያ ነው። መግለጫው መርዶ ነው። ነገሩ የሆነው ቀድሞ፣ በዝምታው ወራት ነው። ለእህቴ ልጅ የነገርኳትም ይህንን ነው። አንድ ቡድን እየደከመ መሆኑን ማወቅ ከፈለግሽ ወሬውን ሳይሆን በሁለት ሥራዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ ቁጠሪ።

ለምን ይደክማል? አንዱ ምክንያት እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ቱኤኒዋን የዋይ ጂ ኩባንያ ነበር። ዋይ ጂ ብላክፒንክ የሚባለውን አዲስ የሴቶች ቡድን ያወጣው በኦገስት 2016 ነው። ቱኤኒዋን ያበቃው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የሚስ ኤ ኩባንያ ጄ ዋይ ፒም ትዋይስን ያወጣው በኦክቶበር 2015፣ ሚስ ኤ ዝም ባለበት ዓመት ነው። ታናሽ እህት ስለተወለደች ታላቋ ሞተች ማለቴ አይደለም፤ ቱኤኒዋን የራሱ ሌሎች ችግሮች ነበሩበት። ግን ጥሩ ዘፈን ደራሲ፣ በጀት፣ የቴሌቪዥን ሰዓት ማለቂያ የለውም እንዴ? አለው። አዲሷ ትንሽ ድርሻ ትወስዳለች፣ ከፊቷ ሙሉ ሰባት ዓመት አለ። የነጋዴ ልብ ወዴት እንደሚያደላ ግልጽ ነው። እኔ በዚህ ደስ አይለኝም። ለዓመታት የለፋችን ልጅ እንደዚያ ማየት ያሳዝናል።

ሌላው ምክንያት የሚያዳምጣቸው ሰው ነው። የወንዶቹን ቡድኖች ለረጅም ጊዜ የተሸከመው አልበም በብዛት የሚገዛው ታማኝ አድናቂ ነው። የሴቶቹን ደግሞ ሰፊው ሕዝብ ነበር፤ ካፌ ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ የሚሰማው። ሕዝብ የሚወደው ዘፈኑን ነው። ዘፈኑ ሲያልፍ ፍቅሩም አብሮ ያልፋል። ሁለት ዓመት የሚነሳ ዘፈን ከጠፋ ማስታወቂያውም ይሄዳል። ይህ የኮሪያ ብቻ ጣጣ አይደለም። የእንግሊዞቹን ስፓይስ ገርልስ ማንም በሰባት ዓመት ውል አላሰራቸውም። የመጀመሪያ ዘፈናቸው በጁላይ 1996 ወጣ፣ አልበሙ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በ1998 አንዷ ወጣች። በ2000 መጨረሻ ያወጡት ሦስተኛ አልበም ግን ወደ መጀመሪያው አልተጠጋም። ከዚያ በየፊናቸው ሄዱ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። የደሴ ልጆች ፍቅር በዚህ ሂሳብ ውስጥ የት ነው? ብዙ አሰብኩበት። የእህቴ ልጅ አንድም አልበም ገዝታ አታውቅም። ከየት ትገዛለች? ዘፈኑ በቴሌግራም ይመጣል፣ በፍላሽ ይዞራል። ዳንሱን ከጓደኞቿ ጋር ሆጤ አካባቢ በአንዷ ግቢ ይለማመዳሉ። ግጥሙን በአማርኛ ፊደል ጽፈው ያጠናሉ። እኔ ደብተሯን አይቼዋለሁ፣ ሙሉ ነው። ይህ ሁሉ ፍቅር ግን በሴኡል የሂሳብ መዝገብ ላይ የለም። የመጀመሪያ ሳምንት ሽያጭ ሲቆጠር እሷ አትቆጠርም። ዩቲዩብ ላይ ዳታ ገዝታ ያየችው ብቻ፣ እሱም በጥቂቱ፣ ይቆጠርላታል። አንድ ቡድን «ገበያው ወረደ» ሲባል ተወዳጅነቱ ቀነሰ ማለት ላይሆን ይችላል። የሚከፍለው ሰው ቀነሰ ማለት ነው።

ከ2020 ወዲህ ነገሩ የተለወጠውም የሚከፍለው ሰው ስለበዛ ነው። አሁን ከሴቶቹም አልበሞች ከሚሊዮን በላይ የሚሸጡ አሉ። አልበሙ ውስጥ የአንዷ አባል ትንሽ ፎቶ ካርድ አለ። የማን እንደሚደርስ አይታወቅም። የሚወዷትን ለማግኘት አንድ ሰው አምስትም አሥርም ይገዛል። የአገር ውጭ ኮንሰርቱም ሰፍቷል። ስለዚህ ውል ማደስ ለኩባንያውም ለልጆቹም አዋጭ ሆነ። የትዋይስ ዘጠኙም አባላት በጁላይ 2022 አደሱ። ብላክፒንክ በዲሴምበር 2023 ለቡድኑ ሥራ ብቻ ፈረሙ። ለግል ሥራቸው እያንዳንዷ የራሷን መንገድ ያዘች። ይህ አዲስ ብልሃት ነው። ቤቱ ሳይፈርስ ሁሉም የየራሱን በር ይከፍታል። ያ ዜና ሲወጣ አማራ ክልል ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ለእህቴ ልጅ የነገረቻት አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዋ ናት፣ በስልክ ደውላ። እዚህ ቤት እልልታ ነበር።

የተበተኑትም ሁልጊዜ ተበትነው አይቀሩም። ገርልስ ጀነሬሽን በ2007 ጀምረው፣ በ2017 ሦስት አባላት ከኩባንያው ቢወጡም፣ በ2022 ለ15ኛ ዓመታቸው በአዲስ አልበም ተሰባስበዋል። ቱኤኒዋንም በ2024 ተመልሰው ሴኡል ላይ ኮንሰርት አቅርበዋል።

እኛም ጋ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። «የኛ»ን የማያስታውስ አለ? በ2013 የተጀመረ፣ አምስት ወጣት ሴቶች ያሉበት፣ በሬድዮ ድራማና በዘፈን ስለ ሴት ልጆች ሕይወት የሚናገር ነበር። የውጭ ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ይሏቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በእርዳታ ይደግፈው ነበር። እዚያ አገር ጋዜጦች የግብር ከፋይ ገንዘብ ባከነ ብለው ዘመቱ። በጃንዋሪ 2017 ድጋፉ ተቋረጠ። እዚህ የሚሰማቸውን ሰው ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አልሸሻቸውም። ውሳኔው የተጻፈው ለንደን ነው። «የኛ» በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ ቀጥሏል፤ ያ የዘፈን ቡድን ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ይህን ስነግራት እናቴ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እርግማኑስ ይሻል ነበር» አለች። «ቢያንስ ማንን እንደምትለምኚ ታውቂያለሽ።»

ያው ሰባት ዓመት የሚያስርም ሆኖ ታይቷል። ኒውጂንስ የሚባሉት የሴቶች ቡድን በ2022 ወጡ። በኖቬምበር 2024 «ውላችንን አፍርሰናል» አሉ። በኦክቶበር 2025 የሴኡል ፍርድ ቤት ውሉ እስከ 2029 የጸና ነው ብሎ ወሰነ። ለነቲቪኤክስኪው መውጫ የሆነው ቁጥር ለእነዚህ ልጆች ገና ያልደረሰ በር ሆነባቸው።

የእህቴ ልጅ አሁን ማልቀሱን ትታ መቁጠር ጀምራለች። ሰሞኑን ኤስፓ የሚባለው የሴቶች ቡድን ሰባት ዓመት የሚሞላበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር እንድነግራት ጠየቀችኝ። የወጡት በኖቬምበር 17፣ 2020 ነው። ከዚያ ቀን ሰባት ዓመት ቢቆጠር ኖቬምበር 17፣ 2027 ይሆናል። በጣቴ ቆጠርኩ። ኅዳር 7 ቀን 2020 ዓ.ም. ላይ አረፈ። «ጋሼ፣ በ2020 ወጥተው በ2020?» አለችና ሳቀች። ከዚያ የደብተሯን የመጨረሻ ገጽ ገልጣ ቀኑን ጻፈችው።