የሃዲድ ዳር ጎተራ በካናዳ ሜዳ

በምዕራብ ካናዳ ሜዳ ላይ ለሚጓዝ ሰው ከከተማው ሁሉ ቀድሞ የሚታየው ጎተራው ነበር። ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝም የእንጨት ሕንፃ ነው፤ ግድግዳው ላይ የከተማው ስም በትልልቅ ፊደላት ይጻፍበታል። ሰዉ «የሜዳው ዘብ» ይለዋል። መደበኛ ስሙ ኤሌቬተር፣ ማለትም «ወደ ላይ አንሺ» ነው፤ እህሉ መጀመሪያ ሽቅብ ወጥቶ ከዚያ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ነው ይህን ስም ያገኘው። በእንፋሎት ኃይል የሚሠራውን የመጀመሪያ ጎተራ ጆሴፍ ዳርት የተባለ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1842 በአሜሪካዋ የቡፋሎ ከተማ አሠራ። ከዚያ በፊት እህሉ ከመርከብ የሚወርደው በሸካሞች ጀርባ ነበር።

የጎተራዎቹን ርቀት የወሰነው ፈረስ ነው። ገበሬው ስንዴውን በጋሪ አድርሶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ መመለስ ስለነበረበት፣ በሃዲዱ ዳር ከ10 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ጎተራ ይተከላል። ከጎኑ ሱቅ፣ ፖስታ ቤትና ትምህርት ቤት ይከተላሉ። ብዙ ትንንሽ ከተሞች የተወለዱት እንዲህ ነው። በ1930ዎቹ የጎተራዎቹ ቁጥር ከ5,700 በላይ ደርሶ ነበር።

ጋሪው ተዳፋቱን ወጥቶ ወለሉ ላይ ባለው ሚዛን ላይ ይቆማል። ከነጭነቱ ይመዘናል፤ ስንዴው በወለሉ ፍርግርግ በኩል ጉድጓድ ውስጥ ይፈስሳል፤ ባዶው ጋሪ እንደገና ይመዘናል። ባልዲ የተደረደረበት ችንጋ እህሉን ከጉድጓዱ እየዛቀ ጣሪያው ሥር ያደርሰዋል፤ ከዚያም እንደ ደረጃው ወደየክፍሉ ይወርዳል። ፉርጎ ሲመጣ በሩ በሳንቃ ይታገድና እህሉ በቱቦ ይንቆረቆርበታል። የእህል ብናኝ ብልጭታ ካገኘው እንደ ባሩድ ስለሚፈነዳ ሞተሩ ለብቻው በተሠራች ትንሽ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚደንቀው የግድግዳው ሥራ ነው፦ ስንዴ ወደ ጎን ስለሚገፋ አናጢዎቹ ሳንቃውን አያቆሙትም፤ በጠፍጣፋው እያጋደሙና አንዱን በሌላው ላይ እየቸነከሩ እስከ ላይ ይክቡታል። አንድ የተለመደ ጎተራ እንዲህ ተሠርቶ ወደ 8,000 ኩንታል ይይዝ ነበር።

ሚዛኑ በነጋዴው እጅ መሆኑ ብዙ ጠብ አስነሥቷል። ገበሬዎች ክብደታችን ተጓደለ፣ ደረጃችን ወረደ፣ ለእብቅና ለአረም ዘር የሚቀነሰው በዛ እያሉ ያማርሩ ነበር። በ1900 የወጣው ሕግ በራሳቸው ፉርጎ የመጫን መብት ሰጣቸው። በ1902 ደግሞ ሲንታሉታ የተባለች የሜዳው ትንሽ ከተማ ገበሬዎች በፉርጎ አመዳደብ ምክንያት የባቡር ኩባንያውን ሠራተኛ ከሰው ረቱ። በ1923 እና በ1924 የተመሠረቱት የስንዴ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከዚህ ቅሬታ የበቀሉ ናቸው፤ እነሱም የየራሳቸውን ጎተራ ተከሉ።

በካናዳ ማኒቶባ ክፍለ ሀገር ያለችው ትንሿ ኢንግሊስ የጎተራዎቹን እድገት በአንድ ረድፍ ታሳያለች። ቅርንጫፍ ሃዲዱ በ1922 ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ጎተራዎች ቆሙ፤ እስከ 1941 ድረስም ረድፉ አምስት ሞላ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የውጭ ገበያው ተዘግቶ ስንዴ ሲከማች፣ በየከተማው ከዋናው ሕንፃ ጎን ተቀጥላ መጋዘኖች ተጨመሩ።

ቁልቁለቱን ያመጣው የጭነት መኪና ነው። ሩቅ መሄድ የሚችል ገበሬ በየ10 ኪሎ ሜትሩ ጎተራ አያስፈልገውም። ከ1897 ጀምሮ የእህል ማጓጓዣ ዋጋን ዝቅ አድርጎ የያዘው ታሪፍ በ1995 ሲነሣ ደግሞ ቅርንጫፍ ሃዲዶች በብዛት ተዘጉ፤ ግዙፍ የኮንክሪት ጎተራዎችም የትንንሾቹን ቦታ ወሰዱ። ባቡር ወደ ኢንግሊስ መምጣት ቢያቆምም አምስቱ የእንጨት ጎተራዎች ዛሬም በብሔራዊ ቅርስነት ተጠብቀው በረድፋቸው ቆመዋል።