ፍላተርን ስለመጫን የሚወራውና እውነታው

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ኮዲንግ የሚማሩ ልጆች በዝተዋል። ደስ ይላል። አንዳንዶቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ በ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ጀምረው ነው። ዩቲዩብ ብቻ አይተው የተነሡም አሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ስለ ፍላተር ነው። ፍላተር በአንድ ኮድ ለአንድሮይድ፣ ለአይፎን፣ ለዌብና ለኮምፒውተር አፕ የሚሠራበት የጉግል መሣሪያ ነው። የመጀመሪያው የተረጋጋ ስሪቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው።

የሚያሳዝነኝ፣ ብዙዎቹ የሚተዉት ኮዱ ከብዷቸው አይደለም። ገና ሲጭኑት ነው ተስፋ የሚቆርጡት። ያስቆረጣቸውም አብዛኛውን ጊዜ ከሰው የሰሙት ወሬ ነው።

«ጥሩ ላፕቶፕ ከሌለህ አትሞክረው»

ላፕቶፑን የሚያንቀው ብዙ ጊዜ ፍላተር ራሱ ሳይሆን ኢሙሌተሩ ነው። ኢሙሌተር ሲከፈት ላፕቶፑ ውስጥ ሌላ ሙሉ የአንድሮይድ ስልክ ይነሣል። ራሙን የሚበላው እሱ ነው። ታዲያ እጃችሁ ላይ እውነተኛ ስልክ እያለ ለምን? ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ ንኩት። «ዴቨሎፐር ኦፕሽንስ» ይከፈታል። እዚያ ውስጥ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ»ን አብሩና ስልኩን በኬብል አገናኙ። ፈቃድ ሲጠይቃችሁ እሺ በሉት። ላፕቶፑ ስልኩን አላይም ካለ መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ። ርካሽ ከሆኑት ኬብሎች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ ዳታ የማያሳልፉ ብዙ አሉ።

4 ጊጋ ራም ላይ የአንድሮይድ ቢልድ (ኮዱን ወደ አፕ የመቀየሩ ሥራ) መጎተቱ ግን እውነት ነው። አንድ ነገር ይረዳል። በፕሮጀክቱ የአንድሮይድ ፎልደር ውስጥ «ግሬድል ዶት ፕሮፐርቲስ» የሚባል ፋይል አለ። በቅርብ ስሪቶች የተፈጠረ ፕሮጀክት ከሆነ እስከ 8 ጊጋ ሜሞሪ እንዲጠቀም ተፈቅዶለት ታገኙታላችሁ። ያንን ቁጥር ወደ 2 ዝቅ አድርጉት። ያም ካልሆነ በክሮም ጀምሩ። ፍላተር አፑን በብሮውዘር ላይ ሲያሳይ የአንድሮይድ ኤስዲኬም (የአንድሮይድ አፕ መሥሪያ ጥቅሉን) ግሬድልም (ቢልዱን የሚሠራውን ፕሮግራም) አይፈልግም። የፍላተር ኮድ የሚጻፍበትን ቋንቋ ዳርትንና የፍላተርን መሠረታዊ ነገር ለመማር ከበቂ በላይ ነው።

«ዳርትን ለብቻው መጫን አለብህ»

የለባችሁም። ዳርት ፍላተር ውስጥ አብሮ ይመጣል። ለብቻው ሲጫን ሁለት ስሪት ይጋጫል፤ ትርፉ ግራ መጋባት ነው።

«ቪኤስ ኮድ አለኝ፣ ፍላተር ግን ቪዡዋል ስቱዲዮ የለህም ይለኛል»

ስማቸው ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። ቪኤስ ኮድ ቀላል የኮድ መጻፊያ ነው። ቪዡዋል ስቱዲዮ ግን ሌላ፣ በጣም ትልቅ ፕሮግራም ነው። ፍላተር እሱን የሚፈልገው የዊንዶውስ አፕ ስትሠሩ ብቻ ነው። የአንድሮይድ አፕ ለመሥራት ስንት ጊጋ ዳታ አቃጥሎ እሱን ያወረደ ልጅ አውቃለሁ። አያስፈልገውም ነበር።

አንድሮይድ ስቱዲዮስ? ኮድ የግድ እሱ ላይ መጻፍ የለባችሁም። ቢሆንም አንድ ጊዜ ጫኑት እላለሁ። ኤስዲኬውንና ጃቫውን በአንድ ላይ ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ስለሆነ ነው። ከዚያ ዝጉትና በቪኤስ ኮድ ሥሩ።

«ፍላተር ዶክተር ሁሉም አረንጓዴ ካልሆነ አይሠራም»

«ፍላተር ዶክተር» ምን እንደተሟላና ምን እንደጎደለ የሚነግራችሁ ትእዛዝ ነው። ቀይ ምልክት ሲያዩ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። የምትሠሩት ለአንድሮይድ ከሆነ የቪዡዋል ስቱዲዮው መስመር ቀይ ቢሆን ምንም አይደለም። የአንድሮይዱን መስመር ብቻ እዩ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ነው የሚጎድለው ብዙ ጊዜ። አንዱ «ኮማንድ ላይን ቱልስ» ነው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮን ከፍታችሁ ኤስዲኬ ማኔጀር ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ሁለተኛው የፈቃድ ስምምነቱ ነው። እሱን ለመቀበል ዶክተር ራሱ የሚጽፍላችሁን ትእዛዝ አስኪዱና ለእያንዳንዱ ጥያቄ «y» ብላችሁ ጻፉ።

«እኛ ሰፈር ሆኖ አይሆንም፣ መብራቱም ኔቱም አያስተማምንም»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መብራቱ እንደሚጠፋ፣ ኔቱ እንደሚቆራረጥ አውቃለሁ፤ እዚሁ ነው የምኖረው። ግን አይሆንም የሚለው ውሸት ነው። መታቀድ ያለበት ማውረዱ ብቻ ነው።

ፍላተርን በጂት (ኮድ ማውረጃና የለውጥ መከታተያ ፕሮግራም ነው) አታውርዱት። ጂት መሃል ላይ ከተቋረጠ ካቆመበት አይቀጥልም፣ እንደገና ከዜሮ ነው። ዚፑን ውሰዱ፤ ዳውንሎድ ማኔጀር ካላችሁ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል። ዚፑ 1 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ አንድሮይድ ስቱዲዮም እንደዚያው። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማታ ማውረድ ያዋጣል። የመጀመሪያው ቢልድም ግሬድልንና ሌሎች ፋይሎችን ያወርዳል፤ ስለዚህ ዳታውን በዚፑ ላይ አትጨርሱት። ከዚያ በኋላ ግን የወረደው ሁሉ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል። አዲስ ፓኬጅ (ሌሎች የሠሩት ዝግጁ ኮድ) እስካልጨመራችሁ ድረስ ኢንተርኔት ሳይኖር ትሠራላችሁ። ኮድ ቀይራችሁ ለውጡን ወዲያው ስልኩ ላይ የምታዩበት «ሆት ሪሎድ»ም በኬብሉ ነው የሚሄደው። መብራት ቢሄድም ባትሪው እስካለ ትቀጥላላችሁ።

ከጓደኛ መውሰድም ይቻላል። «ኮፒ የተደረገ አይሠራም» ይላሉ፤ ይሠራል። ሁለታችሁም ዊንዶውስ ከሆናችሁ የፍላተሩን ፎልደር በፍላሽ መውሰድና «ቢን» የሚለውን ፎልደር ፓዝ ላይ (ዊንዶውስ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ላይ) መጨመር ነው። ጂት መጫኑን ግን አረጋግጡ፣ ፍላተር ያለሱ አይንቀሳቀስም። አንዳንዴ ጂት «ይሄ ፎልደር የአንተ አይደለም» የሚል መልእክት ያመጣል። አትደንግጡ፤ እዚያው መልእክቱ ሥር የሚጽፈውን ትእዛዝ ኮፒ አድርጋችሁ አስኪዱት። የጓደኛችሁ የግሬድል ፎልደርም ቢመጣ፣ የሁለታችሁ ስሪት አንድ ከሆነ፣ ብዙ ዳታ ያተርፋችኋል።

«ኤረር ካመጣ ፎርማት ነው የሚያዋጣው»

ላፕቶፑን ተሸክሞ መገናኛ ድረስ ሄዶ ፎርማት የሚያስደርግ አለ። የታክሲው፣ የሠራተኛው፣ ከዚያ ደግሞ ሁሉን እንደገና የማውረዱ ወጪ! ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ፎልደር ነው። ግሬድል እየወረደ መብራት ወይም ኔት ከጠፋ ጎዶሎ ዚፕ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍላተር ያንን ጎዶሎ ፋይል ሊከፍት ይሞክርና ስለ ዚፕ የሚያወራ ኤረር ያወጣል። መፍትሔው በዩዘር ፎልደራችሁ ውስጥ ካለው የግሬድል ፎልደር ገብቶ፣ «ራፐር» ከዚያም «ዲስትስ» በሚለው ሥር ያለውን ጎዶሎ ስሪት አጥፍቶ እንደገና ማስኬድ ነው። በቃ።

ሌላው እኛ አገር ላይ የማየው ችግር የፎልደር ስም ነው። ዊንዶውስ ሲጫን የተጠቃሚ ስም በአማርኛ ፊደል ተሰጥቶ ከሆነ የአንድሮይድ ቢልድ ሊበላሽ ይችላል። መሣሪያው በዊንዶውስ ላይ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ የተጻፈ የፎልደር መንገድ አይወድም። በስም መሃል ያለ ክፍት ቦታም ያስቸግረዋል። ሎግኢን ላይ የሚታየውን ስም መቀየር ዋጋ የለውም፤ ፎልደሩ የድሮ ስሙን እንደያዘ ይቀራል። በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ያለው አዲስ ዩዘር ክፈቱ። ፍላተሩንም «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ አታስገቡት፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ እየጠየቀ ያስቸግራችኋል።

«ከዊንዶውስ ሆኜ የአይፎን አፕ አወጣለሁ»

እዚህ ላይ ስህተቱ በተቃራኒው ነው፤ ሰው ከሚቻለው በላይ ይጠብቃል። ኮዱን ዊንዶውስ ላይ መጻፍ ትችላላችሁ። ወደ አይፎን አፕ ለመቀየር ግን ማክ ኮምፒውተርና ኤክስኮድ የሚባለው የአፕል ፕሮግራም የግድ ነው። ማክ የሌላቸው ሰዎች በኢንተርኔት ማክ የሚያከራዩ አገልግሎቶችን ይጠቀማሉ። ለጀማሪ ይሄ ሁሉ አያስጨንቀውም። በአንድሮይድ ተማሩ፣ ኮዱ አይጠፋም።

«ለመማርም ይከፈላል»

አይከፈልም። ፍላተርም፣ ቪኤስ ኮድም፣ አንድሮይድ ስቱዲዮም በነፃ ናቸው። ክፍያ የሚመጣው አፑን ስታወጡ ነው፤ ለፕሌይ ስቶር አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ ለአፕል በየዓመቱ 99 ዶላር። አፑን ለጓደኛ በቴሌግራም መላክ ግን ምንም አያስከፍልም።

«አዲስ ስሪት በወጣ ቁጥር ማደስ አለብህ»

ፕሮጀክታችሁ እየሠራ ከሆነ ተዉት። «ስቴብል» በሚባለው ቻናል (የተረጋጉት ስሪቶች በሚወጡበት) ላይ ቆዩ። ማደስ እንደገና ብዙ ማውረድ ነው፤ አንዳንድ ፓኬጆችም ከአዲሱ ጋር አልስማማም ይላሉ። ፕሮጀክቱን ስትጨርሱ፣ ጥቅልም ባላችሁ ማታ፣ ያኔ አድሱት።